የደምሴ ዝንቦች

ሐዘን እንዲህ እንደሚያደክም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያስለቅሳል ብለውኛል፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ እህል ያስጠላል ብለውኛል። ከወንበር ተነስቶ መጋረጃ መክፈት ዳገት እንደ መውጣት ቁና ቁና እንደሚያስተነፍስ ግን ማንም አላነሳልኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ሻይ እጥዳለሁ፤ ሻዩን እረሳዋለሁ፤ ተመልሼ ዓረፍተ ነገሩን ሳነበው እሱም በርዶ አገኘዋለሁ። እንግዲህ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ነው።

የባለቤቴ የደምሴ አርባ ከወጣ በኋላ፣ ልብሶቹን ለይቼ ለተቸገረ እንድሰጥ እትዬ አስካለ ሊያግዙኝ መጡ። እትዬ አስካለ እዚሁ ሴንት ጄምስ ታውን፣ በእኛው ሕንጻ፣ ከእኔ በታች ይኖራሉ። የማኅበራችን ታላቅ ናቸው። ሹሩባም ይሠራሉ። ቶሮንቶ ውስጥ እሳቸው ያልዳሰሱት የሀበሻ ሴት ራስ ጥቂት ነው፤ ራሱ ውስጥ ያለውንም ሐሳብ አብረው የዳሰሱት ይመስላቸዋል። ሠርተው ሲጨርሱ መሬት የወደቀውንና ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር አንድም ሳያስቀሩ ለቅመው፣ በወረቀት ጠቅልለው ለባለፀጉሯ ይሰጧታል። ወስደሽ አቃጥዪው፣ የሰው እጅ እንዳይገባ ይላሉ። የራሳቸውን ፀጉርማ እንኳን ሰው መስተዋታቸውም በደንብ የሚያየው አይመስለኝም። አንድ ክረምት ከማበጠሪያቸው የወጣውን ምድጃ ላይ ሲያቃጥሉ የሕንጻው የጭስ ደወል ጮኾ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ሰው ሁሉ በቤት ጫማ ወርዶ በረዶ ላይ ቆሟል። የእሳት አደጋ ሰዎቹ ምን እንደተቃጠለ ሲጠይቁ እትዬ አስካለ “ሽንኩርት” ብለው መለሱ።

እና ያን ቀን ከደምሴ ሸሚዞች አንዱ ቁልፍ ጎድሎት አገኙት። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ለሰው አይሰጥም ብለው መርፌና ክር ጠየቁኝ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የካልሲ ጥንዶች እፈልግ ነበር። የደምሴ ካልሲዎች በሕይወቱም ሳለ ጥንድ አልነበሩም። ዞርም ሳልል ቁም ሣጥኑን አመለከትኳቸውና ቆርቆሮው ውስጥ ነው አልኳቸው።

ቆርቆሮውን ታውቁታላችሁ። ያ ክብ፣ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ሁላችንም ቤት አለ፤ ሁላችንም ቤት ውስጡ መርፌና ክር ነው፤ ብስኩቱን ማን እንደበላው ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውስ አልተገኘም። እኔ የረሳሁት የኛ ቤት ሁለት ቆርቆሮ እንዳለው ነው።

እትዬ አስካለ ክዳኑን አነሱና ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየሁት ቅዳሴ ላይና ያን ቀን ብቻ ነው።

ቆርቆሮው ውስጥ የበግ ለምድ ተነጥፏል። ለምዱ ላይ ከባቄላ የማይበልጡ ነገሮች በተርታ ተሰክተዋል። የጥቁር ዶሮ ላባ በቀይ ክር ታስሮ፣ የቀይ ዶሮ ላባ በጥቁር ክር ታስሮ፣ ፀጉር ተቋጥሮ፣ ፀጉሩ ላይ የብር ክር ተጠምጥሞ፣ ሁሉም በትንንሽ መንጠቆ ላይ። አንዳንዶቹ ዓይን አላቸው።

ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ጠንቋይ ቤት ሄዳችሁ ባታውቁም የሰፈር ሴቶች ሲያወሩ እየሰማችሁ ነው ያደጋችሁት። ላባ፣ ፀጉር፣ ቋጠሮ፣ የበግ ቆዳ፣ ያውም ሁሉም በሟች ቁም ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ። ምን እንደሆነ ባላውቅ እኔም እጮኽ ነበር።

እትዬ አስካለ ግን አልጮኹም። ክዳኑን መለሱት፤ ቆርቆሮውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ተመልሰው በሹክሹክታ፣ “ማን አሠራበት?” አሉኝ።

“ዝንብ ነው፣ እትዬ” አልኳቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት አለብኝ። ያን ቀን አልሆነልኝም፤ ምናልባት ዛሬ ይሆንልኝ ይሆናል። ደምሴ የሚሠራው ፓርኪንግ ነበር። አንዲት የመስተዋት ቤት ውስጥ ተቀምጦ መኪና ሲገባ ትኬት ይሰጣል፣ ሲወጣ ይቀበላል፤ በሁለቱ መሐል ያለው ሰዓት የራሱ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ መኪናው ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የማያጣ፣ ወዳጁ ሆነ። ሰውየው ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ዘንጉንና መንጠቆ ቆንጥጣ የምትይዝ፣ ጣት የምታህል ሞርሳውን ለደምሴ ተወለት፤ አሠራሩንም አሳየው። ደምሴ ሞርሳዋን ትኬት መቁረጫው ጎን አሰራት። ከዚያ ወዲህ በመኪናና በመኪና መሐል ዝንብ ይሠራል።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ዓሣ በትል እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ሰዎች ግን ትል አይወዱም። መንጠቆውን ላባና ፀጉር አልብሰው ነፍሳት ያስመስሉታል፤ በረጅም ክር ወርውረው ውሃው ላይ ያሳርፉታል፤ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሰዋል። ያንን የለበሰ መንጠቆ ፈረንጆቹ “ፍላይ” ይሉታል፤ ደምሴ ተርጉሞ ዝንብ አለው። ትርጉሙ ልክ ነው። መከራዬን ያመጣው ይኸው ልክ መሆኑ ነው።

የሚያጠምደው ሃይ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ ካለው ኩሬ ነበር። የምትያዘው ዓሣ መዳፍ አታክልም። ስሟ ፓንፊሽ ነው፤ የመጥበሻ ዓሣ እንደ ማለት። እንዲህ ተብላ ተጠርታ አንድም ቀን የኔን መጥበሻ አላየችም፤ ደምሴ ይይዛትና ይለቃታል። ቅዳሜ ጧት ሄዶ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እጁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ባዶውን ይመለሳል።

“ያዝክ?”

“ያዝኩ።”

“የታለ?”

“ቤቱ ገባ።”

በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ዓሣ ያወራነው ይኸው ነው። አብረን እንሂድ ይለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት ከሆነማ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያም መስኮት አለው፣ ያውም ውሃው ይሽከረከራል እለዋለሁ። ይስቅና ብቻውን ይሄዳል።

ወደ እትዬ አስካለ ልመለስ። ሰው ዝንብ ይሠራል ወይ፣ የዝንብ እጥረት አለብን ወይ ብለው ጠየቁኝ። የዓሣ ማጥመጃ ነው አልኩ። ዓሣውን በልተሽ ታውቂያለሽ ወይ? አላውቅም። ታዲያ ማን በላው? ይለቀው ነበር። ደምሴ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ፣ በዕረፍት ቀኑ ዓሣ ይዞ ሲለቅ ይውል ነበር ማለቴ እንደሆነ ቀስ ብለው ደገሙልኝ። እሳቸው ሲሉት እኔም አላመንኩትም።

ከዚያ ቆርቆሮውን መልሰው ከፈቱት። ከቦርሳቸው ጭራ ያለው ማበጠሪያቸውን አውጥተው በጫፉ አንዷን ዝንብ ገልበጥ አደረጓት። ጎንበስ ብለው ቆዩ።

“ይሄ ያንቺ ፀጉር ነው” አሉ።

ደምሴ ሲያርፍ ፀጉሬን ተቆርጫለሁ። የቆረጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲሠሩኝ የኖሩትም እሳቸው ናቸው። በፀጉሬ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ክርክር አልገባም። ቀርቤ አየሁ። በተርታው መጀመሪያ ያሉት ጥቁር ናቸው። መሐል ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው አሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ነጭ ናቸው ማለት ይቻላል። መታጠቢያ ቤት ገንዳው ጠርዝ ላይ የምተወውን ማበጠሪያ ሁልጊዜ ጸድቶ አገኘው ነበር። እንዴት ያለ ንጹሕ ሰው አገባሁ እያልኩ ነው የኖርኩት።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

እትዬ አስካለ ቁጭ ማለቴን በሌላ ተረጎሙት። አጠገቤ ተቀምጠው፣ እጄን ይዘው፣ እናት ልጇን እንደምትጠይቅ አድርገው፣ “አሠርተሽበት ነው፣ ወይስ ተሠርቶብሽ?” አሉኝ።

የኛ ሕንጻ ኤሌቬተር ብዙ ያስጠብቃል። እትዬ አስካለ እሱን ቆመው ሲጠብቁ ወሬው በደረጃ ሳይወርድ አልቀረም። በማግስቱ ከዌስተን ሰፈር አንዲት ሴት ኮል አድርጋ ቆርቆሮው ሻንጣ ሆኖ እንደደረሳት ነገረችኝ። ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ሲደርስ ሻንጣው ውስጥ የጥቁር ዶሮ ራስ ገብቶበታል። አንዷ ለኔ ብላ በራፌ ላይ ጠበል ረጭታ ሄደች፤ ከሥራ የተመለሰው ጎረቤቴ አዳልጦት እኔን ተቆጣ።

ሌላዋ ደግሞ፣ ስሟን አልጠራም፣ ሙዝ ይዛ መጣች። ስለ አየሩ አወራች፣ ስለ ኪራይ አወራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ደምሴ ጮኾብኝ እንደማያውቅ፣ ደመወዙን አምጥቶ እጄ ላይ እንደሚያስቀምጥ፣ ከሥራ ቀጥ ብሎ ቤቱ እንደሚገባ ሁሉም ሰው ያውቃል አለችኝ። የሷው ባል ደግሞ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። አንዷን ብቻ ብታውሺኝ አለች። ለዓሣ ነው እኮ አልኳት።

“ይሁን” አለች፤ “የኔውም ከዓሣ አይሻልም።”

ሙዙን ትታው ሄደች። ጥሩ ሙዝ ነበር።

ከሁሉ የከፋውን ግን ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰላምታው ሲያጥርብኝ ነው የገባኝ። ሚስቱ አሠራችበት፣ በዚያው ጠውልጎ ሞተ የሚሉ ነበሩ። ደምሴ የሞተው በልብ ሕመም ነው፤ ሐኪሙ የነገረኝን ለለቅሶ የመጣው ሁሉ ጠይቆኝ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ለካ ሲጠይቁኝ የነበረው ለመስማት አልነበረም።

እትዬ አስካለ ክፋት የላቸውም። የወጣውን ወሬ ሲሰሙ ደነገጡ፤ ራሳቸው ያፈሰሱትን ራሳቸው ሊያፍሱ ተነሱ። ደውለው፣ የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይሉ መጥተው ጸሎት እንዲያደርሱና ቆርቆሮው እንዲቃጠል መወሰናቸውን ነገሩኝ። ያኔ አፍ ሁሉ ይዘጋል አሉኝ። እዚህ ላይ ተነሥቼ ተሟገትኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ደክሞኝ ነበር፤ እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ቆርቆሮውን አልጋ ሥር የደበቅኩት። አልጋ ሥር መጀመሪያ የሚታይ ቦታ መሰለኝና አውጥቼ ምድጃው ውስጥ አስገባሁት። ከቃጠሎ ሊያድን ብሎ ምድጃ ውስጥ የሚደብቅ ሰው ምን ዓይነት አእምሮ እንደተረፈው ፍረዱ።

ግን ከደምሴ እጅ ሥራ ሌላ ምን ቀረኝ? ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲያስቆም ኖረ፤ መኪኖቹ ሁሉ ሄደዋል። የተቆረጠውን ፀጉሬን እትዬ አስካለ በደንባቸው መሠረት አቃጥለውታል። የሱ እጅና የኔ ፀጉር አብረው ያሉበት ቦታ በዓለም ላይ ያ የብስኩት ቆርቆሮ ብቻ ነው።

መምሬ ኃይሉ መጡ። ቆርቆሮውን ከምድጃ ሳወጣው አይተው አልገረማቸውም፤ ብዙ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዝንቦቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። አንዷ ጣታቸውን ወጋቻቸው። እትዬ አስካለ ይኸው እንደ ማለት አማተቡ።

“ዓሣ ይይዛል?” አሉኝ መምሬ ጣታቸውን እየጠቡ።

“ይይዛል፣ አባቴ።”

“አይተሻል?”

“አላየሁም።”

አሰቡ። “ዓሣ ከያዘ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ ማንም ምንም አይልም። ካልያዘ አቃጥለዋለሁ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።”

ማነው የሚይዘው ብዬ ጠየቅኩ። መምሬ ዙሪያውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

ልጄ ሜሮን ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው “እማዬ፣ ኖ” ነው። ሁለተኛም ያለችው ያንኑ ነው። ሆኖም የማጥመጃ ፈቃድ አወጣችልኝ፣ ከቤተ መጻሕፍትም ቪዲዮ ተዋሰችልኝ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው እስከ ደረቱ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ክሩን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ክሩ ኋላ ላይ እስኪዘረጋ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት ይሰደዋል። ሲያዩት መጋረጃ በነፋስ እንደሚወዛወዝ ነው። እኔም በረንዳ ወጥቼ ሞከርኩት። ወደ ፊት የሰደድኩት ወደ ታች ሄደ፤ ስጎትት ከበደኝ። የመጀመሪያው ዓሣዬ የማላውቃቸው ሰዎች ፎጣ ነበር። ከታች ያሉትን በሮች እያንኳኳሁ ባለቤቱን ስፈልግ አመሸሁ። ከል የለበሰች ሴት ፎጣ ይዛ በር ስታንኳኳ ሰዎች እምነት ልትሰብክ የመጣች ይመስላቸዋል፤ ብዙዎቹ አልከፈቱልኝም።

ቅዳሜ ዘንጉን ለሁለት ፈትቼ፣ ነጠላዬን በሐዘን ወግ ለብሼ፣ በሰብዌይ ባቡር ሃይ ፓርክ ሄድኩ። ኩሬው ዳር አንድ ሽማግሌ በሚታጠፍ ወንበር ተቀምጦ በትል ያጠምዳል። ከእሱ ራቅ ብዬ ቆምኩና ቪዲዮው እንዳለው ወደ ኋላ ወረወርኩ። እስኪዘረጋ ጠበቅኩ። ወደ ፊት ስሰድደው ነጠላዬ ከትከሻዬ ተነሥቶ በራሴ ላይ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ።

ሽማግሌው መጥቶ ነጠላዬን በዱላው አወጣልኝ፤ መንጠቆውንም ከጥለቱ ፈታ። ማኑዌል ይባላል፤ ፖርቱጋላዊ ነው። እሱና እኔ እንግሊዝኛችን ተዳምሮ አንድ አይሞላም፤ እንደዚያም ሆኖ ተግባባን። ዘንጉን አየና የማን እንደሆነ አወቀ፣ ልብሴን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እናቱ እስክትሞት ጥቁር ለብሳ ነው የኖረችው፤ ስለዚህ እንድናገር አላስቸገረኝም። ደምሴ የት ይቀመጥ እንደነበር በእጁ አሳየኝ፤ አንድ የዛፍ ሥር ነው። አንድም ዓሣ አልገደለም፤ ትል ርካሽ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም አለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር አስታውሶ ሳቀ። ዓሣው እምቢ ሲል ደምሴ ዝንቡን ይቀይርና “ናው፣ ማይ ዋይፍ” ይል ነበር። አሁን ሚስቴን እስቲ። ማኑዌል የእንግሊዝኛ ችግር ነው ብሎ አልፎት ኖሯል።

ይህን ለእትዬ አስካለ አልነገርኳቸውም። መተቱ ውሃ ገባ ይሉኝ ነበር። ግን እዚያ የዛፍ ሥር ላይ ብዙ ቆየሁ። ማኑዌል ካለሁበት መጥቶ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ያሉ ክብ ክብ ነገሮችን አሳየኝ፤ አሸዋው ተጠርጎ ሰሃን የመሰለ። ጎጆ ነው አለኝ። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ ቤቱን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ የመጣበትን ሁሉ ይነክሳል። ለነገ እንዲሆንሽ ብሎ ትል ሰጠኝ። ወሰድኩት፤ ሰብዌዩ ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት፤ ከዚያ ሕንጻችን ሥር አበባ መደቡ ላይ ለቀቅኩት። በትል የሚያዝ ከሆነ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሆነን ሄድን። ሜሮን ነዳች። መምሬ ኃይሉ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ መስቀልና ጃንጥላ ይዘዋል። እትዬ አስካለ በአንድ እጃቸው በጭማቂ ጠርሙስ ጠበል፣ በሌላው ክብሪት። ሁላችንም ነጠላ ለብሰን ውሃ ዳር ስንቆም የሽርሽር ሰዎች ምግባቸውን ትተው ይመለከቱን ጀመር። ጥምቀት መስሏቸዋል። ሜሮን ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እንደምትቆም ሆና ሄዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

እትዬ አስካለ መንጠቆው ላይ ትል አለመኖሩን በመነጽር መረመሩ። ጥቁሯን ዝንብ አሰርኩና ወረወርኩ፤ ሳር ያዘች። ፈትቼ ወረወርኩ፤ ከኋላዬ ያለውን ዛፍ ያዘች፤ ስጎትት ክሩ ተበጠሰና ዝንቧ እላይ ቀረች። ከወጣትነቴ ፀጉር አንድ ቁራጭ ዛሬም ሃይ ፓርክ ውስጥ ቅርንጫፍ ላይ ይኖራል። ሽበት ጣል ያለባትን አሰርኩ። እሷ የመምሬን ጥምጥም ያዘች። መምሬ እስክፈታላቸው ድረስ ጎንበስ ብለው ቆሙ። እትዬ አስካለ ክብሪቱን ማንቃጨል ጀመሩ።

“ይበቃታል፣ አባቴ፤ ደክሟታል” አሉ።

መምሬ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። አሁን የምንጾመው የማንን ጾም ነው ብለው እትዬ አስካለን ጠየቁ። የሐዋርያትን አሉ እትዬ። ሐዋርያት ምን ነበሩ? እትዬ አስካለ ክብሪቱን ማንቃጨል ተዉ። ቀና ብለው ውሃውን አዩና፣ “ዓሣ አጥማጆች” አሉ።

“እነሱም ባዶ መረብ የጎተቱበት ጊዜ ነበር” አሉኝ መምሬ። “ወርውሪ፣ ልጄ።”

ክንዴ ዝሎ ነበር። ከቆርቆሮው የመጨረሻዋን፣ ነጯን አወጣሁ። ደምሴ ከመታመሙ በፊት የሠራት መሆን አለባት፤ እንደሷ ጥርት ብላ የነጣች ሌላ የለችም። ብትጠፋስ ብዬ አመነታሁ። ከዚያ ቤት ብትመለስም የሚጠብቃት ክብሪት መሆኑን አሰብኩ። እንደ ቪዲዮው አልወረወርኩም፤ አቅሙም አልነበረኝም። ዘንጉን ዝም ብዬ ወደ ፊት ጣል አደረግኩት። ክሩ እንደ ተፈታ ሹራብ ተዘበራረቀ፤ ዝንቧ ግን ነጠል ብላ ከአንዱ ሰሃን ጠርዝ ላይ አረፈች። መልሼ ልስበው ነበር፤ አልቻልኩም። ዘንጉን ይዤ ቆምኩ። መቆም ብቻ፤ ካረፈ ወዲህ በደንብ የተማርኩት እሱን ነው።

ቀድመው ያዩት እትዬ አስካለ ናቸው።

“መጣች” አሉ በሹክሹክታ።

ጥላ የመሰለ ነገር ከሰሃኑ መሐል ተነሣ። ከዝንቧ ሥር ቆመ። የሚጠጣውን ሻይ እንደሚያሸት ሰው አፈፍ አላለም፣ አልሄደም።

“ዝም በዪ፤ እንዳትነኪው” አሉኝ እትዬ አስካለ። ክንዴን ጨብጠውታል፤ የክብሪቱ ሣጥን በጣታቸውና በክንዴ መሐል ሲጨፈለቅ ይሰማኛል።

ጠብ አለ። ዝንቧ ጠፋች። ዘንጉ ጫፉ ታጠፈና እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ በሕይወት ያለ ነገር ከያዝኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ወደ ኋላ መራመድ እንጂ ሌላ ዘዴ አላወቅኩም፤ እየተራመድኩ ሜሮን የተቀመጠችበት ወንበር ጋ ደረስኩ። ዓሣዋ ሳሩ ላይ ወጣች። መዳፌን አትሞላም። ሆዷ ብርቱካን፣ ጉንጯ ላይ ሰማያዊ መስመሮች፣ ዓይኗ የተቆጣ። ከከንፈሯ ጥግ የኔ ሽበት ወጥቷል።

እትዬ አስካለ ቆመው አዩዋት። “ለዚች ነው?” አሉ። “ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ለዚች?”

መምሬ ኃይሉ መነጽራቸውን አወለቁ። “ዓሣ ናት” አሉ። ፍርዱ ይኸው ነበር።

ሜሮን ከወንበሩ ተነሥታ መጣች። ካደገች ወዲህ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። “አባዬ እንደዚህ ነበር የሚያደርገው?” አለችኝ በአማርኛ።

እትዬ አስካለ ዓሣዋ እንዳትባክን ትጠበስ፣ አትጠበስ የሚል ነገር አነሡ፤ ከዚያ ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው ገቡ፤ መምሬን ጠየቁ። መምሬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ መኪናው ሄዱ። እኔ እጄን አርጥቤ መንጠቆውን አወጣሁና ውሃው ውስጥ አስቀመጥኳት። ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ሰሃኗ ሄደች።

“ቤቷ ገባች” አልኩ። የሰማኝ እንዳለ አላውቅም።

ወሬው ያን ዕለት ማታ ተገለበጠ። አሁን የሚወራው ያቺ ሚስኪን ሴት በራሷ ፀጉር ዓሣ ትይዛለች የሚል ነው፤ ዌስተን ሲደርስ ዓሣዋ ክንድ አክላለች። ሰላምታውም እንደ ድሮው ረዘመልኝ፤ እንዲያውም ያደክመኛል።

ቆርቆሮው ተረፈ። ነጯ ዝንብ ግን አልተረፈችም ማለት ይቻላል። የዚች ዓሣ አፍ ትንሽ ቢሆንም ጥርስ አለው፤ ፀጉሩ ተላልጦ ክሩ ተፈትቷል። ስለዚህ ሞርሳዋን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሰርኳትና ልጠግናት ተቀመጥኩ። ፀጉር ያስፈልጋል። ማበጠሪያዬን አየሁ። ፀጉሬ ገና ጣት አይሞላም፤ መንጠቆው ላይ አንዴም አይዞርም።

እንደዚህ ሆኜ ሳለሁ ረቡዕ ከሰዓት እትዬ አስካለ አንኳኩ። አልቀመጥም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዩ፣ ራሴን አዩ። ከዚያ ከጡታቸው ሥር አንድ የታጠፈ ሶፍት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከፈትኩት። ነጭ፣ ረጅም፣ እንደ ሐር የተጠቀለለ ፀጉር ነው። ሕንጻውን በሙሉ በረዶ ላይ ያቆመው ፀጉር።

በጣቴ ዳሰስኩት።

“ያንቺ እስኪደርስ ነው” አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። “የኔ ረዘም ይላል።”

በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

“ስትይዢያት ግን ልቀቂያት፣ እሺ? በኔ ፀጉር የተያዘች መጥበሻ ላይ እንዳትወጣ።”

“ቤቷ ትገባለች፣ እትዬ” አልኳቸው።